ልጁ ኮልታፋ ነው ወይስ ጥርሱ አልገጠመም?



ውድ አንባቢያን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ በወላይታ ሶዶ በአንድ መድረሳ ደጃፍ ብታልፉ የሕፃናቱ ድምፅ ከመንገድ ድረስ ይሰማችኋል። አንዱ «አሊፍ፣ ባእ፣ ታእ» ይላል፤ ሌላው ሱረቱ-ናስን ለኡስታዙ ያሰማል። የዚህች አጭር ሱራ ስድስቱም አንቀጾች የሚያበቁት በ«ሲን» ፊደል ነው። ስለዚህ «ሲን»ን አጥርቶ ማውጣት ያቃተው ልጅ በአንዲት ሱራ ስድስት ጊዜ ይጋለጣል። ምላሱ በፊት ጥርሶቹ መሐል ብቅ ይላል፤ ድምፁ ወይ ያፏጫል ወይ ይልፈሰፈሳል። ኡስታዙ ደጋግመው ያስደግሙታል፤ እኩዮቹ ይስቁበታል፤ በማግስቱ ልጁ «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ይቀራል። እቤት ደግሞ አንዲት ጎረቤት ብቅ ትልና «እንጥሉ ረዝሞ ነው፤ አስቆርጡለት» ብላ ትመክራለች።

እንዲህ ያለ ልጅ በየመድረሳው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ «ኮልታፋ» ይባልና ነገሩ በዚያው ያልቃል። አንዳንዱም ሰነፍ ወይም እልኸኛ ተብሎ ይገረፋል። አፉን ከፍቶ ያየው ሰው ግን የለም። በዚህ ወር ዓምዳችን የጥርስና የመንጋጋ አለመግጠም ድምፅን እንዴት እንደሚለውጥ፣ የትኛውን ድምፅ እንደሚጎዳና የትኛውን እንደማይነካ እናያለን። ወላጅም ሆነ ኡስታዝ ይህን ቢያውቅ ልጁን ካልተገባ ዱላ፣ ከዚያም ካለፈ ካልተገባ ምላጭ ያድነዋል።

ጀሪካኑ ሲሞላ

ከቧንቧ ጀሪካን ስትሞሉ ድምፁን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ወፍራም ነው። ጀሪካኑ እየሞላ ሲመጣ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ጓዳ ሆናችሁ ሳታዩት እንኳ «ሞላ!» ብላችሁ ለመዝጋት ትሮጣላችሁ። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ያው ነው። የተለወጠው በጀሪካኑ ውስጥ የቀረው ባዶ ቦታ ነው። የሰው ንግግርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ከሳንባ የሚወጣው አየር ማንቁርት ውስጥ ያሉትን ሁለት የድምፅ አውታሮች ያርገበግባቸዋል። በአዋቂ ወንድ በሴኮንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ ያህል፣ በሴት 200 ጊዜ ገደማ፣ በትንሽ ልጅ ወደ 300 ጊዜ ይርገበገባሉ። የድምፃችን ውፍረትና ቅጥነት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ከዚያ የሚወጣው ገና ፊደል አልሆነም፤ እንደ ንብ ጥዝ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ያንን ድምፅ «ኣ» ወይም «ኢ» የሚያደርገው ከማንቁርት እስከ ከንፈር ያለው ባዶ ቦታ ነው። ይህ ቱቦ በአዋቂ ወንድ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የሴት ከዚያ ያጠረ ነው፤ የልጅ ደግሞ ከሁለቱም ያንሳል።

አሁን መዳፋችሁን ከአገጫችሁ ሥር አድርጉና «ኢ» በሉ። ቀጥሎ «ኣ» በሉ። አገጫችሁ ወረደ አይደል? የታችኛው መንጋጋ ሲወርድ አፍ ውስጥ ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ቱቦውም ሌላ ዓይነት ድምፅ ያስተጋባል። ማንኛውም አናባቢ የሚታወቅበት የራሱ የማስተጋቢያ ቃናዎች አሉት። የመጀመሪያው ቃና አፍ በተከፈተ ቁጥር ከፍ ይላል። በአዋቂ ወንድ «ኢ» ሲባል በሴኮንድ 300 ርግብግቢት አካባቢ ይሆንና «ኣ» ሲባል ከ700 ያልፋል። ሁለተኛው ቃና በአብዛኛው በምላስና በከንፈር የሚታዘዝ ነው። ምላስ ወደ ፊት ሲመጣ፣ ማለትም በ«ኢ»፣ ከ2000 በላይ ይወጣል፤ ምላስ ወደ ኋላ ሸሽቶ ከንፈር ሲሞጠሞጥ፣ ማለትም በ«ኡ»፣ ከ1000 በታች ይወርዳል። ጆሯችን እነዚህን ሁለት ቃናዎች ሰምቶ «ይህ ኣ ነው፣ ያ ኡ ነው» ብሎ ይለያል። ይህ ሁሉ ሒሳብ የሚሠራው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ሱብሐነላህ!

ታዲያ መንጋጋው የተዛነፈ ሰው አናባቢው ሁሉ መበላሸት አልነበረበትም?

እርሳሱን ነክሳችሁ ሞክሩት

አብዛኛውን ጊዜ አይበላሽም። ይህን ራሳችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። አንድ እርሳስ በመንጋጋ ጥርሶቻችሁ መሐል ነክሳችሁ ያዙ፤ መንጋጋችሁ አሁን መንቀሳቀስ አይችልም። እንደዚያው ሆናችሁ «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» በሉ። ሰባቱም ይወጣሉ፤ አጠገባችሁ ያለ ሰውም ያለ ችግር ይለያቸዋል። በ1979 እ.ኤ.አ. ሊንድብሎም፣ ሉበከርና ጌይ የተባሉ ተመራማሪዎች ተናጋሪዎችን በጥርሳቸው መሐል ነገር አስነክሰው አናባቢዎችን አስጠርተው ነበር። ሰዎቹ ልምምድ ሳያስፈልጋቸው ገና ከመጀመሪያው ወደ ትክክለኛው የተጠጋ ድምፅ አውጥተዋል። ምክንያቱ ምላስ ነው። መንጋጋ የሚገባውን ሥራ መሥራት ሲያቅተው ምላስ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ጉድለቱን ይሞላል።

ስለዚህ የታችኛው መንጋጋው ወደ ፊት የቀደመ ወይም የላይኛው ጥርሱ ገጣጣ የሆነ ልጅ ፈትሐውን፣ ከስራውንና ዶማውን፣ መዱንም ጭምር ማውጣት ይችላል። በመሣሪያ ቢለካ ቃናው ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ይገኝ ይሆናል፤ ጆሮ ግን ያልፈዋል። ለወላጅ ትልቅ እፎይታ የሚሰጥ እውቀት ይመስለኛል። «መንጋጋው ጠማማ ስለሆነ ቁርኣን አይሆንለትም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

አንድ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። መንጋጋው ጠማማ ሳይሆን የማይከፈት ልጅ አለ። በሕፃንነቱ በአገጩ የወደቀ ወይም የጆሮ ሕመም መግል ወደ መንጋጋ መጋጠሚያው የገባበት ልጅ መጋጠሚያው ቀስ በቀስ ሊደርቅና ከአጥንት ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ኖማ የተባለውና ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው በሽታም የሕፃናትን ጉንጭ በልቶ መንጋጋን ይቆልፋል። የሚይዘው በተለይ ከኩፍኝ ወይም ከሌላ ከባድ ሕመም በኋላ አቅማቸው የደከመ ትንንሽ ልጆችን ነው። በአገራችንም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ችላ ከተባሉት የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። አፉ የማይከፈት ልጅ «ኣ» ሲል ቃናው ከፍ ማለት ስለማይችል ወደ «ኧ» የተጠጋ፣ የታፈነ ድምፅ ይወጣዋል። መለኪያው ቀላል ነው። ጤነኛ ሰው የራሱን ሦስት ጣቶች ደራርቦ ቀጥ አድርጎ በፊት ጥርሶቹ መሐል ማስገባት ይችላል። ልጃችሁ አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሆስፒታል ውሰዱት። የድድ ቁስልና ጉንጭ ላይ እብጠት፣ ከመጥፎ የአፍ ጠረን ጋር ካያችሁ ደግሞ ያኔውኑ ሂዱ፤ ኖማ ሰዓት የሚሰጥ በሽታ አይደለም።

የሚጎዱት በጥርስ ዳር ያሉት ናቸው

አናባቢዎቹ እንዲህ ሲተርፉ ተነባቢዎቹ አይተርፉም። በተለይ የሚጎዱት ጥርስን ተደግፈው የሚወጡት ናቸው። ሊቃውንቶቻችን ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ሲበወይህ (በ180 ዓ.ሂ. አካባቢ ያረፉት) የአረብኛ ፊደላት የሚወጡባቸውን 16 ቦታዎች ዘርዝረዋል፤ ኢብኑል ጀዘሪ (በ833 ዓ.ሂ. ያረፉት) ደግሞ 17 ያደርጓቸዋል። ተጅዊድ የተማረ ሁሉ ይህንን ያውቃል። ሐኪሙ ኢብኑ ሲናም ስለ ፊደላት ድምፅ አፈጣጠር ራሱን የቻለ አጭር ጽሑፍ አላቸው። የበስራው አል-ጃሒዝ (በ255 ዓ.ሂ. የሞቱት) ስለ አንደበተ ርቱዕነት በጻፉት መጽሐፍ ጥርስ ሲወልቅ ፊደላት እንዴት እንደሚበላሹ ይተርካሉ። ሙዓዊያ (ረ.ዐ) የፊት ጥርሶቻቸው ከወለቁ በኋላ ሚንበር ላይ ወጥተው መናገር እንዳቆሙም ያወሳሉ።

ጤናማ አነካከስ ላይ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ከታችኞቹ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት ወጣ ብለው ጥቂት ይሸፍኗቸዋል። ከዚህ የወጣው ብዙ ዓይነት ነው። ሦስቱን ብቻ ላንሳ።

አንደኛው፣ መንጋጋ ጥርሶች ሲገጥሙ የፊተኞቹ የማይገናኙበት ነው። ልጁ ጥርሱን ነክሶ እንኳ ከፊት ቀዳዳ ይታያል፤ ምላሱም በዚያው ይወጣል። «ሲን»ና «ዛይ» የሚወጡት አየሩ በጠባብ መንገድ አልፎ የጥርስ ጠርዝ ላይ ሲጋጭ ነው። ጠርዙ ከሌለ ወይም ምላስ ከሸፈነው ሹል የሆነው ፉጨት ይደበዝዛል። ይህ ልጅ «ሲን» ሲል «ሳእ»፣ «ዛይ» ሲል «ዛል» ይመስልበታል። በአማርኛም «ሰላም»፣ «ዘመን» ሲል ያው ነው። በእኔ ግምት በመድረሳ «ኮልታፋ» ከሚባሉት መካከል ብዙ የሚታለፈው ይህኛው ነው።

ሁለተኛው፣ የታችኛው መንጋጋ የቀደመበት ነው። «ፋእ» የሚወጣው የታችኛው ከንፈር ውስጠኛ ክፍል የላይኞቹን የፊት ጥርሶች ጠርዝ ሲነካ ነው። የታችኛው ጥርስ ከላይኛው ፊት ከቆመ ከንፈር መንገዱ ይረዝምበታል። አንዳንዱ ልጅ ገልብጦ በላይኛው ከንፈርና በታችኛው ጥርስ ያወጣዋል። ለጆሮ እምብዛም አይለይም፤ ከፊቱ ቆሞ ያየ ብቻ ያስተውላል። «ሲን»ም ሊፈዝበት ይችላል።

ሦስተኛው ገጣጣ የምንለው ነው። ከንፈር ለመግጠም ይቸገራል፤ ስለዚህ «ሚም»ና «ባእ» አንዳንዴ በከንፈርና በጥርስ ይወጣሉ።

መንጋጋ ነው ወይስ ቋንቋ?

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳንሠራ እፈራለሁ። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ «ሳእ» ያልወጣለትን ልጅ ወደ ጥርስ ሐኪም እንዳይጎትት!

«ሳእ»፣ «ዛል»ና «ዟእ» የምላስ ጫፍ የላይኞቹን የፊት ጥርሶች ጠርዝ ሲነካ የሚወጡ ናቸው። እነዚህ ድምፆች በአማርኛም በወላይትኛም የሉም። ስለዚህ ጥርሱ እንደ ሉል የተደረደረ ልጅም መጀመሪያ ላይ «ሰ»ና «ዘ» ይላቸዋል። ይህ የትምህርት ጉዳይ ነው፤ መድኃኒቱም የኡስታዙ ትዕግሥት ነው። «ቃፍ»ም እንዲሁ ነው። የእኛ «ቀ» ትንፋሽ ታፍኖ የሚፈነዳ ሲሆን «ቃፍ» ግን ከምላስ ሥር እንጥል አጠገብ ያለ መታፈን የሚወጣ ነው። «ቀ» የለመደ ምላስ «ቃፍ»ን ለማግኘት ጊዜ ይፈልጋል።

በአናባቢም በኩል ቢሆን ቋንቋ የራሱን አሻራ ይተዋል። አማርኛ ሰባት አናባቢዎች አሉት። ወላይትኛ አምስት ብቻ ነው ያሉት፤ ነገር ግን እያንዳንዱ አጭርና ረጅም ሆኖ ይመጣል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ረጅሙ ፊደሉ ተደግሞ የሚታየው ለዚህ ነው። በወላይትኛ አፉን የፈታ ልጅ አማርኛ ሲናገር «ኧ»ንና «እ»ን ወደ ሌላ አናባቢ ቢያስጠጋቸው መንጋጋው ምንም አልሆነም፤ በቋንቋው ስለሌሉ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ይህ ልጅ በቁርኣን ላይ ብልጫ አለው። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ አጭሩንና ረጅሙን ለመለየት ሲቸገር የወላይታው ልጅ ጆሮ በእናቱ ቤት ሳለ ለምዶታል። ይህን የሚያስተውል ኡስታዝ መዱን ሲያስተምር ከልጁ ቋንቋ ይነሣል። በነገራችን ላይ «ዶና» በወላይትኛ አፍ ማለትም ቋንቋ ማለትም ነው።

መለያው እንግዲህ ይህ ነው፦ ልጁን በአረብኛ አትፈትኑት። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ስለ ጨዋታው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ አስወሩትና «ሰ» እና «ዘ» የሚሉትን ድምፆች አዳምጡ። እዚያ ጥርት ብለው ከወጡለት ችግሩ የትምህርት ነው። በገዛ ቋንቋውም ከተበላሹበት ጥርሱን አስነክሳችሁ ከንፈሩን ገልጣችሁ ተመልከቱ። የፊት የወተት ጥርሶቹ ወልቀው ቋሚዎቹ በመብቀል ላይ ያሉ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች ግን ለጥቂት ወራት መኮልተፋቸው የተለመደ ነው፤ ጠብቋቸው።

ድምፁ ራሱ ከሻከረ ደግሞ ጥርስ ውስጥ ምክንያት አትፈልጉ። ያ የማንቁርት ጉዳይ ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ መሻከር በሐኪም መታየት አለበት።

ምላጩን ከሕፃናት አርቁ

ወደ ጎረቤቲቱ ምክር እንመለስ። እንጥል የለስላሳው ላንቃ ጫፍ ነው። ለስላሳው ላንቃ ስንናገር ወደ ላይ ተነሥቶ የአፍንጫን መንገድ ይዘጋል፤ ካልዘጋ ድምፁ በአፍንጫ ይወጣል። በባህላዊ መንገድ እንጥል የሚቆርጥ ሰው የሚያየው ጨለማ ጉሮሮ ውስጥ ነው፤ የሚይዘው ደግሞ የሚንፈራገጥ ሕፃን ነው። ላንቃውን ጨምሮ ከቆረጠው ልጁ ዕድሜ ልኩን በአፍንጫው ሊናገር ይችላል። ለ«ሲን» መበላሸት ሲባል የተቆረጠ እንጥል «ሲን»ን አያቃናም፤ ሁለቱ አይተዋወቁም። ከዚህ ሌላ ብዙ ደም መፍሰስ፣ ቴታነስና በደም የሚተላለፉ በሽታዎች አሉ።

ከእንጥል ይልቅ ከዛሬው ርእሳችን ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ግን የሕፃናትን ድድ ፈልፍሎ «ግግ» ወይም የወተት ጥርስ ማውጣት ነው። ሕፃኑ ጥቂት ወራት ሲሆነው የውሻ ጥርሱ የሚበቅልበት የድድ ቦታ እብጥ ብሎ ነጣ ይላል። ይህ ጤነኛ ነገር ነው። በዚያው ሰሞን ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ከያዘው ግን ጥፋቱ በዚያ እብጠት ላይ ይሆናል። በምስማር ወይም በሌላ ስለት ተፈልፍሎ ሲወጣ የሚወጣው «ትል» አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ ጥርስ ነው። ከሥሩ ደግሞ የቋሚው ጥርስ እርሾ አለ። እሱ ከተጎዳ ቋሚው የውሻ ጥርስ ሳይበቅል ይቀራል፣ ወይም ተጣሞና ጎድሎ ይበቅላል፤ ጎረቤቶቹም ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ። ይህ ጉዳት የሚታየው ከዐሥር ዓመት በኋላ ስለሆነ ማንም ከዚያች ቀን ጋር አያገናኘውም። በአገር አቀፍ ደረጃ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ለማስወገድ የተቋቋመው ኮሚቴ እንጥል መቁረጥንና ጥርስ ማውጣትን ከጎጂዎቹ መካከል ቆጥሮ ሲያስተምር ኖሯል፤ ዛሬም በየቀበሌው ያልቀረ ነው። ሕፃኑ ካስቀመጠው መድኃኒቱ ኦ.አር.ኤስ. እና ጤና ጣቢያ ነው።

ጡጦ፣ ጣትና አፍንጫ፤ ከዚያም ገበታ

ሌላው ምክንያት ልማድ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላም ጣቱን የሚጠባ ወይም ጡጦ ከአፉ የማይለይ ልጅ የፊት ጥርሶቹ ተከፍተው ይቀራሉ፤ ከላይ የጠቀስነው የመጀመሪያው ዓይነት አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ሁልጊዜ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስና ሲተኛ የሚያንኮራፋ ልጅ ደግሞ ቶንሲሉና ከአፍንጫው ጀርባ ያለው እጢ አብጦ ሊሆን ይችላል። አፍ ሁልጊዜ ክፍት ሲሆን ምላስ ከላንቃ ይርቃል፤ የላይኛው መንጋጋም ጠቦ ያድጋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ከጥርስ ሐኪም አስቀድሞ የአንገት በላይ ሐኪም ቢያየው ይመረጣል።

ወደ ገበታችን ስንመጣ ከሁሉ የሚቀድመው የእናት ጡት ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ለሚሻ ሙሉ ሁለት ዓመት የጠቀሰው ማጥባት ለመንጋጋም ጥቅም አለው፤ ሕፃኑ ጡት ሲጠባ መንጋጋውንና ምላሱን የሚያሠራው ከጡጦ በበለጠ ነው። ቀጥሎ ፀሐይ ነው። ተሸፋፍኖ ቤት ውስጥ የሚውል ሕፃን ቫይታሚን ዲ አጥሮት አጥንቱ ይለሰልሳል፤ ጥርሱም ዘግይቶ ይበቅላል። የዳሞታ ጤዛ ሲገፍ፣ ጠዋት ጠዋት እጅና እግሩን ገልጣችሁ አሙቁት።

በወላይታ ቤት የሚበላው ቆጮ፣ ጎዳሬ፣ ቦይናና ስኳር ድንች ኃይል ሰጪ ነው፤ ገንቢነቱ ግን አነስተኛ ነው። ለሚያድግ አጥንት ብቻውን አይበቃም። ከቦሎቄ፣ ከወተት ወይም ከአይብ፣ ከእንቁላል ጋር ይቅረብለት። በቆላው ወረዳዎች በየጓሮው ያለው የሽፈራው ቅጠል በካልሲየም የበለጸገ ነው፤ ቅጠሉን ንቀን ከሱቅ ብስኩት መግዛታችን ይገርመኛል። ጥርስ ያበቀለ ልጅ ምግቡ ሁሉ አይፈጭለት፤ የተቀቀለ በቆሎ ይጋጥ፣ ከፍ ሲል ቆሎ ይቆርጥም።

ከረሜላና ስኳር የበዛበት ሻይ በመንጋጋ አለመግጠም ላይ ምን አገባቸው ትሉ ይሆናል። አገባቸው። የወተት መንጋጋ ጥርስ በልቶት ያለጊዜው ሲነቀል የጎኑ ጥርስ ወደ ክፍተቱ ይገፋል፤ ቋሚው ሲመጣ ቦታ ያጣል። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይነቀል» የምንለው ነገር ዋጋው በኋላ ነው የሚታየው። ሲዋክ ከልጅነት ያልምዱ፤ ማታ ደግሞ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ይጨመርበት።

ሽቦ ማሰር ይፈቀዳል ወይ?

ብዙ እናቶች የሚጠይቁት ነው። ለውበት ሲባል በጥርስ መሐል ክፍተት ማስከፈትን የሚከለክለውን ሐዲስ የሚያውቁ ሰዎች «የአላህን አፈጣጠር መለወጥ እንዳይሆን» ብለው ይፈራሉ። ፍንጭት እንደ ውበት በሚቆጠርበት አገራችን ይህ ሐዲስ በእርግጥ የሚነካን ወገን አለ። ዑለሞች ግን ለውበት ብቻ የሚደረገውንና ጉድለትን ለማከም የሚደረገውን ይለያሉ። አፍንጫው በጦርነት የተቆረጠው ዐርፈጃ (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈቃድ የወርቅ አፍንጫ ማድረጉን እንደ ማስረጃ ያነሣሉ። ማኘክ ወይም መናገር የከለከለን ጥርስ ማቃናት ሕክምና ነው። ዝርዝሩን በአቅራቢያችሁ ያሉትን ዐሊም ጠይቁ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ወሬ ላርም። «ቢላል (ረ.ዐ) ሺንን ሲን ይል ነበር» የሚል ታሪክ ኮልታፋ ልጆችን ለማጽናናት ይነገራል። ኢብኑ ከሲርን የመሳሰሉ የሐዲስ ሊቃውንት መሠረት የለውም ብለዋል፤ ቢላል ለአዛን የተመረጡት ድምፃቸው ያማረ ስለነበር ነው። ልጁን ለማጽናናት ሐቀኛው ሐዲስ ይበቃል። ቁርኣንን እየተቸገረ፣ እየተንተባተበ ለሚያነብ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል።

ከሶዶ ወዴት?

ቋሚ የፊት ጥርሶች መብቀል በሚጀምሩበት በሰባት ዓመት አካባቢ ማስመርመር ጥሩ ነው። ሶዶና አካባቢው የምትኖሩ ብዙዎቻችን ኦቶና በምንለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ወይም የጥርስ ክፍል ባለው ሌላ ተቋም ጀምሩ፤ የባሰ ከሆነ ሪፈር ይጽፉላችኋል። ስትሄዱ «ጥርሱ ተጣሟል» ብቻ አትበሉ። በየትኞቹ ድምፆች ላይ እንደሚቸገር፣ አፉን ከፍቶ ይተኛ እንደሆነ፣ ጣት ይጠባ እንደነበር፣ በሕፃንነቱ ድዱ ተነክቶ እንደሆነ፣ በአገጩ ወድቆ እንደሆነ ንገሯቸው። ድዱ መነካቱን ከመናገር አትፈሩ፤ ሊወቅሷችሁ አይደለም የሚጠይቋችሁ።

ጣት ማስተውና አፍንጫ ማሳከም ብቻ የሚያስተካክለው ልጅ አለ። ሽቦ የሚያስፈልገው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ያህል ያስረዋል፤ በየወሩ ወይም በየወር ተኩሉ እየተጠበቀም ይስተካከላል። ጥርሱ ተቃንቶም ምላሱ በለመደው መንገድ ሊቀጥል ስለሚችል ኡስታዙ «ሲን»ን እንደ አዲስ ያስተምሩታል፤ በዚህ ጊዜ ግን ልፋታቸው ፍሬ ያገኛል። የጥርስ ማስተካከያ ስፔሻሊስቶች አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ ከሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ሽቦው ከመታሰሩ በፊት የሽቦውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሁለት ዓመቱን ትራንስፖርትና ማረፊያም ደምሩ። መሐል ላይ የተቋረጠ ሽቦ ጥርስን አላስፈላጊ ቦታ ላይ ጥሎ ይቀራል፤ ቆሻሻ ስለሚይዝም ጥርሱን ያስበላዋል። መመላለሱን የማትችሉት ከሆነ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩና በተነቃይ መሣሪያ ወይም በሌላ መንገድ መርዳት ይችሉ እንደሆነ ጠይቋቸው።